«ስልክ ነው፣ እማማ»

የትንሿ ልጄ ክርስትና ዕለት ነው። ቤታችን ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ ነው። ሃያ ሰው ሲገባበት የሚጠበው ሳሎናችን የዚያን ቀን ስልሳ ሰው ችሏል። አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስት ወር ሊሞላቸው ነው፤ በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። የሚያውቁትንም የማያውቁትንም እኩል ነው የሚያቅፉት።

ዘግይቶ የመጣው ወዳጄ ነው። ወዳጅ ስል ዝም ብሎ ለወጉ አይደለም፤ እዚህ አገር በገባሁ ሰሞን ሶፋው ላይ ሰባት ወር ያሳደረኝ ሰው ነው። አማቴ እንደማንኛውም ሰው አቀፉት። እጃቸው ወገቡ ላይ ሲያርፍ ግን ቆም አሉ።

«ምንድን ነው ልጄ፣ የሚቆረቁረው?»

«ስልክ ነው፣ እማማ» አለና ፈገግ ብሎ አለፈ።

ስልኩ እጁ ላይ ነበር።

ማታ እንግዳው ሁሉ ሄዶ ሰሃን ስናደራርቅ አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ልጅ ሽጉጥ ታጥቆ ነው የመጣው» አሉኝ። «ኧረ ስልክ ነው ብሎዎታል እኮ» ብላቸው፣ «የሻምበል ሚስት ነበርኩ! ስልክና ሽጉጥ አትለይም ብለህ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። የአምስት ዓመቷ ትልቋ ልጄ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጭኑ ላይ ተቀምጣ፣ ኪሱን እየበረበረች ከረሜላ ስትፈልግ እንደነበር ትዝ አለኝ። ጠጅ ስቀዳለት «ዛሬ ይቅርብኝ» ማለቱም ትዝ አለኝ። ጠጅ የሚጠላ ሰው አይደለም።

በማግሥቱ ደወልኩለት። አልካደም። «አዎ፣ ይዤ ነበር። ሁልጊዜ ነው የምይዘው። ፈቃድ አለኝ፣ ሕግ አልጣስኩም» አለ። ሕግ አለመጣሱ እውነት ነው፤ የከነከነኝም እሱው ነው። ሕግ ቢጥስ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ተቀያይመን እናርፍ ነበር። ሕግ ሳይጥስ፣ ክፋት ሳያስብ፣ አሮጊት ዋሽቶ፣ ልጄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የዋለ ሰው ምን አጠፋ ይባላል?

መጀመሪያ ስለ ሰውዬው ልናገር፤ አለዚያ ፍርዴ ፍርደ ገምድል ይሆናል። ወዳጄ ለዓመታት ጋዝ ስቴሽን ውስጥ የሌሊት ካሸር ነበር። አንድ ሌሊት ፊቱን የሸፈነ ጎረምሳ ሽጉጥ ግንባሩ ላይ ደግኖበታል። ካዝናው ውስጥ ከመቶ ዶላር ብዙም ያልበለጠ ነበር፤ ጎረምሳው አነሰኝ ብሎ ተቆጣ። ወዳጄ ከዚያ ሌሊት ስለ ተረፈ እንጂ ስለ መትረፉ ምክንያት ምንም አያውቅም፤ ልጁ መተኮስ ስላልፈለገ ብቻ ነው የተረፈው። «ሕይወቴ ለሁለት ደቂቃ የሌላ ሰው ንብረት ነበረች» ይላል። ፈቃዱን ያወጣው በሁለተኛው ወር ነው። ክፍል ገብቶ ሕግ ተማረ፤ ከሦስት፣ ከሰባትና ከአሥራ አምስት ያርድ ርቀት ሃምሳ ጥይት ተኩሶ አለፈ። ከ2021 መስከረም ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በቴክሳስ ሃያ አንድ ዓመት የሞላውና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድም ሽጉጥ መያዝ ይችላል። እሱ ግን ፈቃዱን አልተወም። ፈቃድ ያለው ሰው የት ገብቶ የት እንደማይገባ በቃሉ ያውቃል። አብሬው መኪና ውስጥ ስሆን ሕንፃ እያሳየ «እዚህ ይገባል፣ እዚህ አይገባም» ሲለኝ የቀላል ባቡር መስመር የሚያስተምረኝ ነው የሚመስለው።

እኔም ከዚያ ክርስትና በኋላ ሕጉን ተቀምጬ አነበብኩት። አሰልቺ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልነበረም። ሽጉጥ የማይገባባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ያነበበ ሰው፣ ያ ኅብረተሰብ የት ቦታ ራሱን እንደማያምን ያነባል። ችሎት አይገባም። በምርጫ ቀን ምርጫ ጣቢያ አይገባም። ሰው በቃልና በወረቀት ሊከራከር የመጣበት ቦታ ላይ ሌላ ክርክር እንዳይገባ ነው ነገሩ። ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ አይገባም፤ መኪና ማቆሚያው ግን «ሕንፃ» አይባልምና ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን መኪናው ውስጥ ትቶ ልጁን አድርሶ ይመለሳል። የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳና የኳስ ግጥሚያም ክልክል ናቸው። ሞት የተፈረደበት ሰው በሚገደልበት ቀን የመግደያው ቦታ አካባቢ፣ እስከ አንድ ሺህ ጫማ ርቀት ድረስ ክልክል ነው። መንግሥት በሚገድልበት ሰዓት ሌላ ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ መከልከሉ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ዛሬ ልለፈው።

መጠጥ ቤትን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ሒሳብ ሠርቷል። ገቢው 51 ከመቶና ከዚያ በላይ እዚያው ከሚጠጣ መጠጥ የሚመጣ ቤት «51%» የሚል ትልቅ ቀይ ቁጥር ይለጥፋል፤ ሽጉጥ አይገባም። ከዚያ በታች ከሆነ ምግብ ቤት ነውና ይገባል። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚል ሕዝብ ልጅ ነኝና የሕጉ ስጋት ይገባኛል። ግን እስቲ አስቡት፤ ያገሬ ሰው የከፈተው ቤት ውስጥ ክትፎው ቢራውን በገቢ ከበለጠው ሽጉጥ ይገባል፣ ቢራው ከበለጠ አይገባም። ወዳጄ እንዲህ ያለ ቤት ስንገባ መጀመሪያ የሚያየው ሜኑውን ሳይሆን የበሩን መስተዋት ነው።

በጣም የገረመኝ ግን ስለ ግል ይዞታ የተጻፈው ክፍል ነው። የሱቅ፣ የቢሮ ወይም የመኖሪያ ቤት ባለቤት ባለፈቃዱ ሽጉጥ ይዞ እንዳይገባበት ከፈለገ መከልከል ይችላል። እንዴት? አንዱ መንገድ ጽሑፍ ነው። ሰዎች በአንቀጹ ቁጥር «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ይሉታል። ቃላቱ ሕጉ ያዘዛቸው ቃላት መሆን አለባቸው፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ፣ ቁመታቸው ቢያንስ አንድ ኢንች በሆነ ትልልቅ ፊደል፣ ከመደቡ በሚለይ ቀለም፣ በግልጽ በሚታይ ቦታ። ይህን ጽሑፍ አልፎ የገባ ባለፈቃድ ቅጣቱ እስከ 200 ዶላር ነው። ሁለተኛው መንገድ አፍ ነው። ባለቤቱ ፊት ለፊት «ይዘህ ውጣልኝ» ብሎት እንቢ ካለ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር ይደርሳል። ያ ሁሉ የኢንችና የቀለም ጣጣ ያለበት ጽሑፍ ሁለት መቶ ዶላር፣ የባለቤቱ የአፍ ቃል አንድ ዓመት! የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ሳያስቡት የአያቶቻችንን ነገር ተናግረዋል፤ ከተለጠፈ ወረቀት የባለቤት ቃል ይበልጣል።

ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። ያላወቅኩትን እንዴት ልከልክል? ቃሌ ይህን ያህል ክብደት ከተሰጠው፣ ቃሌን የምናገርበት አጋጣሚ ደግሞ ሽጉጡ በድብቅ በመያዙ ምክንያት ከተወሰደብኝ፣ የተሰጠኝ ምንድን ነው? ወዳጄ መንገድ ላይ ፖሊስ አስቁሞ መታወቂያ ቢጠይቀው፣ ሽጉጥ ከያዘ የሽጉጥ ፈቃዱንም አብሮ እንዲያሳይ ሕጉ ያዘዋል። ለማያውቀው ፖሊስ መናገር አለበት፤ እንጀራ ለሚያቀርብለት ሰው ግን የለበትም።

ይህን ስነግረው የሰጠኝ መልስ ቀላል አልነበረም። «ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ትፈራለህ። ሚስትህ ትሰማለች፣ ትፈራለች። ስልሳው ሰው ይሰማና ክርስትናው የለቅሶ ቤት ይመስላል። ዝም ያልኩት እናንተ ተዝናንታችሁ እንድትውሉ ነው። መደበቁ እኮ ጨዋነት ነው፤ ፍርሃቱን እኔ ብቻዬን ተሸከምኩላችሁ» አለኝ።

ይህን አባባል ለብዙ ቀን አመነዠኩት። እውነትነት አለው። ቴክሳስ ከ2016 ጀምሮ ሽጉጥን በግልጽ መታጠቅንም ፈቅዳለች፤ በግልጽ የታጠቀ ሰው ሱቅ ሲገባ ሰው እንዴት ፈንጠር ፈንጠር እንደሚል አይቻለሁ። እኔም ራሴ ወተት ሳልገዛ ወጥቼ አውቃለሁ። ታዲያ ግልጹን ስጠላ፣ ድብቁን ስጠላ፣ ምን እንዲደረግልኝ ነው የምፈልገው? መሣሪያ የሚባል ነገር እንዳይኖር? ይህ ምኞት ነው እንጂ ሐሳብ አይደለም፤ በምኖርበት አገር ደግሞ ሩቅ ምኞት ነው።

ያደግኩት መሣሪያ በማያውቅ ቤት እንዳይመስላችሁ። አያቴ ምንሽር ነበራቸው። ለሠርግም ለተዝካርም ትከሻቸው ላይ ነበረች። ነገር ግን ሰው ቤት ሲደርሱ ባለቤቱ ገና ከበር ተቀብሎ መሣሪያቸውን ይወስድና ምሰሶው ላይ ይሰቅለዋል፤ እሳቸውም እንግዳ ሲመጣባቸው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ማንም ማንንም መሣሪያ አልያዝክም ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ይታያላ! አገር ቤት የነበረውን ሁሉ ማመስገን ልማዴ አይደለም፤ ያች ምንሽር የጠጣ ሰው እጅ ገብታ ስንት ቤት እንደዘጋች የመንደሩ ሰው ያውቃል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ መሣሪያው የት እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱም ጭምር ነበር።

ቴክሳስም ቢሆን ከጥንት እንዲህ አልነበረችም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1870 የወጣው ሕጓ መሣሪያ የማይያዝባቸውን ቦታዎች ሲዘረዝር ከቤተ ክርስቲያን፣ ከትምህርት ቤትና ከምርጫ ቦታ ጋር የጭፈራ አዳራሽንና ወንዶችና ሴቶች ለጨዋታ የሚሰበሰቡበትን ግብዣ ሁሉ ይጨምር ነበር። የእኔ ልጅ ክርስትና በቀጥታ እዚያ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በዓመቱ ደግሞ ሽጉጥ ይዞ መዞርን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ጭራሽ ከለከሉ። በ1872 ነገሩ ለግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ዳኞቹ ሰላማዊ ሰዎች ወደተሰበሰቡበት መሣሪያ ይዞ መግባት መብቴ ነው የሚል ሰው መገኘቱ ራሱ ለማሾፍ የቀረበ ነው እስከ ማለት ደርሰው ክልከላውን አጸኑት። ካውቦይ ፊልም ያሳደገን ሰዎች ይህን ስንሰማ ግር ይለናል።

ያን ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያስለወጠው አንድ የምሳ ሰዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥቅምት 16 ቀን 1991፣ ኪሊን በምትባል የቴክሳስ ከተማ አንድ ሰው መኪናውን በአንድ ካፌቴሪያ መስተዋት ጥሶ ገባና መተኮስ ጀመረ፤ 23 ሰው ገደለ። ሱዛና ሀፕ የምትባል ሐኪም ከእናቷና ከአባቷ ጋር ምሳ እየበላች ነበር። ሽጉጥ ነበራት። ግን ይዞ መግባት ሕገ ወጥ ነበርና፣ ከተያዘች የሥራ ፈቃዷን እንዳታጣ ብላ መኪናዋ ውስጥ ትታው ነበር የገባችው። አባቷ ገዳዩን ባዶ እጃቸውን ሊይዙት ሮጡ፤ ተገደሉ። እሷ በተሰበረ መስኮት አመለጠች። እናቷ ተከትለውኝ ነው ብላ ነበር፤ እናቷ ግን ባላቸውን ትተው አልሄዱም፤ እዚያው አጠገባቸው ተገደሉ።

ሱዛና ሀፕ ከዚያ በኋላ በየምክር ቤቱ እየሄደች መሰከረች። የቁጣዋ አቅጣጫ ሰውን ያስደነግጣል፤ በገዳዩ ሳይሆን ሽጉጤን መኪና ውስጥ እንድተው ባደረገኝ ሕግና ሕጉን ባከበርኩት በራሴ ነው የምናደደው የምትል ሴት ናት። አገረ ገዥ አን ሪቻርድስ ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ ለማቅረብ የወጣውን ሕግ በ1993 ውድቅ አደረጉት። በ1995 እሳቸውን የተኩት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በድብቅ የመታጠቅ ፈቃድን ሕግ ፈረሙ፤ ሀፕም በ1996 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመረጠች። ወዳጄ የሷን ታሪክ ሲነግረኝ ድምፁ ይለወጣል። «አንተ ቤት ገዳይ ቢገባና ሽጉጤ መኪና ውስጥ ቢሆንስ?» ይለኛል። ይህን ጥያቄ በቀልድ ማለፍ አይቻልም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ውስጥ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በኅዳር 2017 ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 26 ሰው ከተገደለ በኋላ ሰው ሁሉ በር በር ማየት ጀመረ። በ2019 ሕጉ ቤተ ክርስቲያንን ከልዩ ዝርዝር አውጥቶ እንደ ማንኛውም የግል ይዞታ አደረጋት፤ ካልከለከለች ይገባል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ከእኛ ብዙም በማይርቅ ዋይት ሴትልመንት በሚባል ከተማ አንድ ሰው ጸሎት መሐል ተነሥቶ ሁለት ምእመናን ገደለ፤ ጃክ ዊልሰን የተባለ የቤተ ክርስቲያኑ ፈቃደኛ ጠባቂ በአንድ ጥይት ጣለው። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስድስት ሴኮንድ ያህል ነው። የቪዲዮው ቅጂ በየስልካችን ዞረ። በማግሥቱ እሑድ ሰበካ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ስድስት ሴኮንዱን ያያል። ሌላው ወገን ደግሞ በዚያ ቪዲዮ ላይ ከተኩሱ በኋላ ከየወንበሩ ሽጉጥ እየመዘዙ የተነሡትን ሌሎች ሰዎች ያያል፤ ማን በማን ላይ እንደሚያነጣጥር ሳይለይ፣ ሕፃናት በመሐል ተኝተው።

ክልከላው አሸነፈና አንድ ወጣት «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል በጥሩ የአማርኛ ፊደል አትሞ በር ላይ ለጠፈ። ወዳጄ አነበበና ሳቀ። «ይሄ ሕጋዊ ማስታወቂያ አይደለም፤ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ነው የሚለው ሕጉ» አለኝ። ልክ ነው፣ አማርኛችን ቴክሳስ ውስጥ በወረቀት ዋጋ የለውም። በኋላ አባ ከቅዳሴ በኋላ ወጥተው በአፋቸው ተናገሩት። «አሁን ገና ማስታወቂያ ሆነ» አለ ወዳጄ። ግን ታውቃላችሁ፣ እሱ ከዚያ በፊትም ቤተ ክርስቲያን ይዞ ገብቶ አያውቅም። ማንም ሳይነግረው፣ ሕጉ ሳያስገድደው፣ መኪናው ውስጥ ቆልፎበት ነው የሚገባው።

ይህን ሳውቅ ነው ክርክሬን ያገኘሁት። «ለቤተ ክርስቲያን ያልተጠየቅከውን ሰጥተህ፣ ለእኔ ቤት ለምን ነፈግህ?» አልኩት።

«ቤተ ክርስቲያን ታቦት አለ። አንተ ቤት ታቦት አለ እንዴ?»

ሳቅን። ነገሩ ግን ሳቅ ብቻ አይደለም። አንድ ቦታ የተከበረ ነው የሚባለው በምንድን ነው? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህንኑ ሲታገል ነው የኖረው። በሰኔ 2022 ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ብሎ ሲወስን፣ እንደ ትምህርት ቤት፣ ችሎትና ምርጫ ጣቢያ ያሉ «ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎች» ግን ሊከለከሉ ይችላሉ አለ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ሲጽፉ ታዲያ፣ ሰው ስለሚበዛበትና ፖሊስ ስለሚጠብቀው ብቻ የማንሃተን ደሴት በሙሉ እንዲህ ያለ ቦታ ሊባል አይችልም ብለዋል። ኒውዮርክ ወዲያው አዲስ ሕግ አወጣችና የዝምታን ትርጉም ገለበጠችው። የባለቤቱ ግልጽ ፈቃድ ከሌለ የግል ይዞታ ሁሉ ክልክል ነው አለች። ፍርድ ቤቶች ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ሱቆችና መሰል ቦታዎች ላይ ይህን አልተቀበሉትም። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል፤ ዳላስ ውስጥ ግን የእኔ ዝምታ «ግባ» ማለት ነው፣ እነሱ ደግሞ «አትግባ» እንዲባል ፈለጉ። ሁለቱም ግን የሚነጋገሩት ስለ ማያውቁት ሰው ነው። ወዳጅ ለወዳጅ ሕግ የሚወጣለት አይመስለኝም።

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ወዳጄን የምወቅሰው ሽጉጥ በመያዙ አይደለም፤ በግንባሩ ላይ ያ ብረት አርፎ የማያውቅ ሰው በዚያ ላይ ለመፍረድ ቢዘገይ ይሻለዋል። የምወቅሰው በመፍራቱም አይደለም። የእኔ የሆነ ውሳኔ ስለ ወሰደብኝ ነው። ልጄ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ከታጠቀ ሰው ጭን ላይ ትቀመጥ ወይስ አትቀመጥ የሚለው የአባትና የእናት ጥያቄ ነው። ምናልባት እሺ እል ነበር፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ ጥንቁቅ ሰው ነው። ጥንቁቆቹም ግን ይረሳሉ፤ በ2023 ብቻ በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻዎች 6,737 ሽጉጥ ተገኝቷል፣ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ጥይት የጎረሱ ነበሩ። ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ «ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን ረስቼው» ነው የሚሉት። የሚረሳ ነገር የያዘ ሰው አጠገብ ሁለተኛ የሚያስታውስ ሰው ቢኖር ምናለበት?

ፍርሃቱን ብቻዬን ተሸከምኩላችሁ ያለውም ቢሆን ልክ አይመስለኝም። የተሸከመው ፍርሃቱን ነው፤ አደጋውን ግን ስልሳችንም ሳናውቅ ተካፍለነዋል። ደግሞም ድብቅነት አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ሕጉ ያለው ዝም በል ብቻ ነው። አንዲት አሮጊት አቅፈው ሲጠይቁት ግን ዝም ማለት አልቻለም፤ ወይ እውነቱን መናገር ነበረበት ወይ መዋሸት። ዋሸ። ይህን ያዘዘው የቴክሳስ አንቀጽ የለም።

ለጥቂት ወራት ተኮራረፍን ባይባልም ስልካችን ቀንሶ ነበር። በቀጣዩ ፋሲካ እንደ ወትሮው ጠራሁት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ግድም ስልኬ ጮኸ።

«ደጅ ነኝ» አለ። «ይዣለሁ። ምን ላድርግ?»

የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ሲሰጠኝ ግን ከበደኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቱ የሱ፣ ቅሬታው የእኔ ነበር፤ አሁን ውሳኔው በእጄ ገባ። ግባ ብል ልጄ አለች። ተወው ብል ሱዛና ሀፕም የተወችው መኪናዋ ውስጥ ነበር። ደግሞ እዚህ አገር ሽጉጥ ከመኪና ተሰርቆ ለሌላ ወንጀል እንደሚውል የማያውቅ የለም። ምን ያህል ዝም እንዳልኩ እንጃ፤ «አለህ?» አለኝ።

«እዚያው ቆልፍበት» አልኩት።

ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ከወንበሩ ሥር በብረት ገመድ የታሰረች ትንሽ ካዝና አለችው፤ ጥይቱን አውጥቶ፣ ሁለቴ አይቶ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን ስቦ ሞከረው። ከዚያ ገባን። ልጄ ሮጣ ኪሱን በረበረች። ጠጁንም ጠጣ፣ እንዲያውም ደህና አድርጎ። አማቴ ከአዲስ አበባ ለእንኳን አደረሳችሁ ሲደውሉ እሱም ተቀብሎ ተሳሳቀ፤ ስለዚያ «ስልክ» ግን አላነሳም፣ እስከ ዛሬም አላነሳም። እኔም አላነሳሁበትም።

ማታ ባለቤቴ ሰሃን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ዛሬ አንዱ እብድ በሩን ሰብሮ ቢገባስ ኖሮ?» አለችኝ።

«እሱ መኪናውን ሲቆልፍ እኔም ያሰብኩት እሱን ነው» አልኳት።

«እና?»

«እናማ አብረን ገባን» አልኳት።